ማዳመጫው ሳይበላሽ ድምፁ ለምን ያንሳል?



ባለቤቴ ለመዘምራን አገልግሎት የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ወደ ጭሮ መጣ። ቤት ውስጥ በሞባይሉ ላይ ሰክቶ ሲሞክረው ድምፁ ከሩቅ የሚጣራ ሰው መሰለ። እኔም ቸኩዬ፣ «አታለውሃል! ገንዘቡ ባከነ» አልሁት። ያን ምሽት እራታችንን በዝምታ በላን። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን ሚክሰር ላይ ሲሰካው ግን ጥርት ብሎ ተሰማ። ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማዳመጫው ወይም በካርቶኑ ላይ የፈረስ ጫማ ከሚመስል ምልክት ጋር የተጻፈ ቁጥር አለ። መለኪያው ኦም ይባላል። ይህም ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ማዳመጫው የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታበት መጠን ነው። ለምሳሌ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የተባለው ማዳመጫ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቷል። መልካቸው ቢመሳሰልም ፍላጎታቸው ይለያያል። ለሁለቱ እኩል 1 ቮልት ብትሰጡ ባለ 32 ኦሙ 31 ሚሊዋት ያህል ኃይል ሲያገኝ፣ ባለ 250 ኦሙ የሚደርሰው 4 ሚሊዋት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሞባይል ከ16 እስከ 32 ኦም ያለው ይመቻል፤ 250 ኦምና ከዚያ በላይ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ሚክሰር ወይም የማዳመጫ ማጉያ ይፈልጋል። በዴሲቤል የተጻፈውን ሴንሲቲቪቲም ተመልከቱ፤ ከፍ ያለው በጥቂት ኃይል ብዙ ድምፅ ይሰጣል። የማጉያው መውጫም የራሱ ኢምፒዳንስ አለው። ይህ ከማዳመጫው 1/8 ባይበልጥ መልካም ነው፤ ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም ማለት ነው። ከበዛ የባሱ ድምፅ ሊዛባ ይችላል።

ወላጆችና የመዘምራን መሪዎች፣ ይህን በተለይ ልብ በሉ። ለባለ 250 ኦሙ ተብሎ ድምፁ ከፍ በተደረገ ማጉያ ላይ አንድ ልጅ ባለ 32 ኦም ቢሰካ፣ ወደ 8 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል በጆሮው ላይ ይለቀቃል። ማዳመጫ ከመቀየራችሁ በፊት ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ በ75 ዴሲቤል እንዲወሰን ይመክራል። የተጎዳ ጆሮ እንደ ተበላሸ ዕቃ በሌላ አይተካም።

በሒርና፣ በገለምሶ፣ በበደሳና በሚኤሶ የምታገለግሉ ወገኖች፣ ዕቃ ለማስገዛት ሰው ስትልኩ የማጉያችሁን ዓይነትና የምትፈልጉትን ኦም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ባለትዳሮችም፣ ድምፁ ሲያንስ ጥፋተኛ ከመፈለጋችሁ በፊት ቁጥሩን አብራችሁ አንብቡ።