«ፓውዛ ካሰርክ ጋራንቲህ አለቀ» እያላችሁ ሰው አታስከስሩ

ዛሬ ጋራዥ የገባ አንድ መኪና አንገብግቦኛል። ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

አነስተኛ የጭነት መኪና ነው፣ አዲስ። ባለቤቱ ከቤበቃ ወዲያ ካለው ገጠር እሸት ቡና ሰብስበው ወደ ሚዛን የሚያወጡ አቅራቢ ናቸው። የኋላ ዲፈረንሻሉ ዘይት ማንጠብጠብ የጀመረው ጋራንቲው ሳያልቅ ነው። ያኔውኑ ለሻጩ ቢያሳውቁ የሚቀየረው አንድ ጎሚኒ ነበር። «ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ፓውዛ አሳስሬያለሁ እኮ። ጋራንቲው በዚያው አበቃ ብለውኛል» አሉኝ። ማን እንዳላቸው ጠየቅኩ። ፓውዛውን ያሰረላቸው ልጅ፣ አንድ ሹፌር፣ ደግሞ ቲክቶክ ላይ የሚያወራ ሰው።

ስለዚህ ዝም ብለው ጫኑበት። ዘይቱ አለቀ፣ ኩሽኔታው ተበላ፣ ጥርሱ ረገፈ። ስከፍተው ዘይት መኖር የነበረበት ቦታ ላይ የብረት ብናኝ የተለወሰበት ጥቁር ጭቃ አገኘሁ። ማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ የጥርስ ስባሪ ተለጥፏል። ጎሚኒ ቀይሮ የሚያልፍ ነገር ሙሉ ዲፈረንሻል ሆነባቸው፣ ያውም ቡና በሚሰበሰብበት ሰሞን።

ፓውዛው ያለው ከፊት ፓራውልት ላይ ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው ከኋላ አክሰል ላይ ነው። የፊት መብራት የኋላ ዲፈረንሻልን ዘይት የሚያፈስበትን መንገድ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

መኪና የምትገዙም፣ ዕቃ የምትጨምሩም፣ የምትገጥሙም በደንብ አንብቡት።

1ኛ. ጋራንቲ የሚሸፍነው ከፋብሪካው የመጣን ጉድለት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ መጠየቅ ያለበት «መኪናውን ነክተኸዋል ወይ?» ተብሎ አይደለም። የተነካው ነገር ነው ወይ ያበላሸው? ፓውዛውን ያሰረው ሰው ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ቀጥታ ቀጥሎት ሽቦው ቢቃጠል፣ የተቃጠለውን ሻጩ አይከፍልም፤ ትክክልም ነው። ባለ 70 ዋት ሁለት ፓውዛ በ24 ቮልት ወደ 6 አምፔር ይስባል። የፋብሪካው ሽቦ የተለካው ለራሱ መብራት እንጂ ለእናንተ ፓውዛ አይደለም። ከባትሪ ራሱን የቻለ ሽቦ ስቦ፣ በፊውዝና በሪሌ አድርጎ ያሰረው ሰው ግን የነካው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ቢታሰር ግን ዲፈረንሻሉ፣ ካምቢዮው፣ ሞተሩ ጋራንቲያቸው እንዳለ ነው። አንድ ቦታ ተነካ ተብሎ መኪናው በሙሉ ከጋራንቲ አይወጣም።

2ኛ. ሕጉ። የእኛ አገር ሕግ ስለ ተጨማሪ ዕቃና ስለ መኪና ጋራንቲ ነጥሎ የሚናገረው ብዙ ነገር የለም፤ ባዶ ሜዳ ላይ ነን ማለት ግን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ለገዢው ዋስ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 2287ን አንብቡ። ይኸው ሕግ ገዢውንም ያስገድዳል፤ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ካሳወቀ በኋላም መብቱን በ1 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ጋሼን የጎዳቸው ፓውዛው ሳይሆን ዝምታቸው ነው የምለው ለዚህ ነው። በሐሰት ወሬ ፈርተው ያልተናገሩት ነገር እውነተኛውን መብት ይዞባቸው ሄደ።

አንቀጽ 2001ን ደግሞ ጨምሩበት። ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ሰው ደግሞ መቅረቱን ያስረዳል። እናንተ የጋራንቲ ወረቀታችሁን ካሳያችሁ፣ «በእናንተ ጥፋት ጋራንቲው ቀርቷል» የሚለው ሻጭ ነው ማስረዳት ያለበት። የጋራንቲ ደብተሩን ያረቀቀውም እሱ ነው፤ አንዱ ወገን አዘጋጅቶ ያቀረበው ቃል ሲያሻማ የሚተረጎመው ለሌላው ወገን እንዲጠቅም ነው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ልጅ በቃል «አይሸፈንም» ስላላችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ አትመለሱ። በጽሑፍ ስጠኝ በሉት። የትኛው ዕቃ፣ የቱን ክፍል፣ እንዴት አበላሸው?

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የምትጠቅሱም አላችሁ። አዋጁ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ቡና ልጫንበት ብሎ መኪና የገዛ ነጋዴ እዚያ ላይ ብቻ ከቆመ ክርክር ይገጥመዋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይያዝ።

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ ከጨረሰው ቆይቷል። አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የጋራንቲ ሕግ፣ ሻጭ የእኔን ዕቃ ወይም የእኔን ጋራዥ ብቻ ካልተጠቀምክ ጋራንቲ የለህም እንዳይል ከልክላለች። ሩቅ ነው ካላችሁ ደቡብ አፍሪካ አለች፤ የውድድር ኮሚሽኗ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ ባለ መኪናው ጋራንቲው ሳያልቅ በፈለገው ጋራዥ ሰርቪስ ማስደረግ ይችላል።

3ኛ. የፍጥነት መገደቢያ። ይህን ነገር በየሳምንቱ ስለማየው ትዕግሥቴ አልቋል።

የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጥሙ መንግሥት በመመሪያ አዟል። ዓላማውን እደግፋለሁ። ከጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሚዛን ያለውን ጥምዝ በዝናብ የነዳ ሰው አይቃወመውም። የሚያቃጥለኝ አገጣጠሙ ነው።

በአዲሶቹ መኪኖች የነዳጅ ፔዳሉና ሞተሩ በካቦ አይገናኙም። ፔዳሉ ላይ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ እግራችሁ ምን ያህል እንደረገጠ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሽቦ ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያመሳክራል። ካልተስማሙ ችግር አለ ብሎ የሞተሩን ጉልበት ይይዛል፣ የሞተር መብራት ያበራል። ለደኅንነት የተሠራ ነገር ነው። ገጣሚው መገደቢያውን የሚያስገባው ደግሞ እነዚህ ሽቦዎች መሃል ነው። በካውያ በይዶ፣ ውሃ እንዳያስገባ አሽጎ ቢሄድ ችግር የለም። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። በቢላ ይልጠዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ ናስትሮ ይጠቀልልበታል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ አገር ዝናብ አገር ነው፤ እርጥበቱ ካቢና ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ከወራት በኋላ ናስትሮውን ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ እየተፈረፈረ እጄ ላይ ይቀራል። መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት መሃል ጉልበቱን ያጣል፤ ሹፌሩ ፓምፑ ነው፣ ፊልትሮው ነው እያለ የማያስፈታው ነገር የለም።

ባለንብረቱ ወደ ሻጩ ሲሄድ «ኤሌክትሪኩን የውጭ ሰው ነክቶታል፣ ጋራንቲ የለም» ይባላል። ወደ ገጣሚው ሲሄድ «እኛ ፈቃድ አለን፣ ችግሩ የመኪናው ነው»። ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሲሄድ «ግጠም ነው ያልነው፣ ከሻጭህ ጋር ያለህ ውል አይመለከተንም»። መንግሥት ያስገደደውን ዕቃ፣ መንግሥት ፈቃድ በሰጠው ሰው አስገጥሞ፣ ከመንግሥት ቦሎ ለማውጣት ሲል ጋራንቲውን የሚያጣ ዜጋ ማየት ያሳፍራል። መመሪያውን ስታወጡ የመኪና ሻጮችን ጠርታችሁ «ከየትኛው ሽቦ ላይ ይቀጠል?» ብሎ መጠየቅ ይህን ያህል ከባድ ነበር? በብዙ አዲስ መኪኖች እኮ ምንም ሽቦ ሳይቆረጥ ፍጥነቱን በኮምፒውተሩ ብቻ መገደብ ይቻላል። ሻጩ ራሱ ከማስረከቡ በፊት አድርጎት ወረቀት ይስጥ። ካልሆነም ገጣሚው የቆረጠውን ሽቦ ቀለሙን፣ የዕቃውን ቁጥር፣ ቀኑን ጽፎ በማኅተም ይፈርም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። እስካሁን ይህን ወረቀት ይዞ እኔ ጋ የመጣ ባለ መኪና አላየሁም።

«ሰርቪስ በእኛ ብቻ» የሚለውም ነገር አለ። ከሚዛን አማን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ ግባ የተባለ መኪና ደርሶ መልስ 1,100 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ከአምስት ኪሎ ሜትር አንዱን የሚነዳው ሰርቪስ ለመግባት ነው ማለት ነው። ናፍጣው፣ የሹፌር አበሉ፣ የቀረው ሥራ በማን ይታሰባል? መኪናውን እዚህ ድረስ ለመሸጥ የሚመጣ ድርጅት መካኒክም ይላክ፣ ወይም እዚህ ካሉት ጋራዦች መርጦ አሠልጥኖ ይወክል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ቴክኒክና ሙያ የተማረ ልጅ ሞልቷል። አቅም የለም አትበሉን።

አቤት የሚባልበትም ቦታ ርቋል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት በ2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገባ። ክልላችንም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። አንድ የሸኮ ወይም የጉራፈርዳ ገበሬ የሞተር ሳይክሉ ጋራንቲ ቢከለከል የትኛው ከተማ፣ የትኛው ቢሮ ይሂድ? ዞን ንግድ መምሪያ ስትጠይቁ ወደ ክልል ይልኳችኋል፣ ክልል ደግሞ ወደ ሻጩ ይመልሳችኋል።

በሌላ በኩል «ምንም ብትሠራበት ጋራንቲህን የሚነካው የለም» የምትሉም አላችሁ፤ እናንተም ሰው እያሳሳታችሁ ነው። ባሌስትራ ላይ ቅጠል ጨምራችሁ ከተፈቀደው በላይ ጀንፈል ከጫናችሁ አክሰሉ ሲጎብጥ፣ ፍሬኑ ሲያልቅ ማንም አይሸፍንም። ባሌስትራው ተጨመረ እንጂ ፍሬኑና ሻንሲው አልተጨመሩም። ሻንሲ ላይ ብየዳ ወይም ቀዳዳ ከተሠራበት በኋላ እዚያው ጋ ቢሰነጠቅ የእናንተ ነው፤ አምራቾቹ ሻንሲው የት መነካት እንደሌለበት በመመሪያቸው ላይ ጽፈውታል። የጭነት መኪናን ወደ ቅጥቅጥ የምታስቀይሩ ደግሞ የጋራንቲው ነገር ቀርቶ ሊብሬው ላይ ለውጡ ካልሰፈረ አደጋ ሲደርስ ከኢንሹራንስም ጋር ትጣላላችሁ። ከሁለቱ ባትሪ አንዱ ላይ ብቻ ለቴፕና ለስልክ ቻርጀር 12 ቮልት የምትቀጥሉ ልጆች፣ ተዉ! ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው የሚሞላው። የምትስቡበት ባትሪ ሁሌም ይጎድላል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ ገበያ ላይ አለ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ለምትጠይቁኝ ባጭሩ። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ እዚህም እየበዙ ነው። ብዙ አምራቾች በአገራቸው ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣሉ። ይህ ጋራንቲ ግን ብዙ ጊዜ የተሸጠበት አገር ላይ ነው የሚሠራው። ከቻይና ወይም ከዱባይ በግለሰብ የገባ ከሆነ ከፋብሪካው የምትጠይቁት ነገር ላይኖር ይችላል፤ የሸጠላችሁን ሰው ነው የምትይዙት፤ ስለዚህ ውላችሁ ላይ ባትሪውን በስሙ አስጽፉ። የስክሪኑን ቋንቋ ከቻይንኛ ለማስቀየር ሶፍትዌሩን ለማታውቁት ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ።

ምን ላድርግ ለሚለው፦ ዕቃ ከማስገጠማችሁ በፊት ቦታውን ፎቶ አንሱ፣ ሲያልቅም አንሱ። ከመኪናው የወጣውን የፋብሪካ ዕቃ አትጣሉት፣ አትሽጡት። ደረሰኝ ያዙ። እዚህ የምታስደርጉትን ሰርቪስ ሁሉ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱንና የፊልትሮውን ዓይነት ጽፋችሁ አስፈርሙ። ጉድለት ባያችሁበት ቀን ለሻጩ በስልክ ሳይሆን በቴሌግራም ወይም በደብዳቤ አሳውቁ፦ የሻንሲ ቁጥር፣ የገዛችሁበት ቀን፣ አሁን ያለው ኪሎ ሜትር፣ ያያችሁት ነገር፣ ፎቶ። «ዲፈረንሻሉ በዚህ በኩል ዘይት እያንጠባጠበ ነው፣ መኪናውን አቁሜያለሁ፣ መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ» ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም። አቁሜያለሁ ስትሉም በእርግጥ አቁሙት፤ እያወቃችሁ ከነዳችሁት ከዚያ በኋላ የሚበላሸው በእናንተ ላይ ነው የሚታሰበው።

የጋሼን ጉዳይ በተመለከተ፣ የተሰበረውን ዕቃና ጎሚኒውን በላስቲክ አስሬ አስቀምጫለሁ፤ ጎሚኒው ከመጀመሪያውም ጠማማ ሆኖ መግባቱ በዓይን ይታያል። ዘግይተዋል፣ ግን ደብዳቤውን ዛሬ ጽፈናል።

የፍጥነት መገደቢያ ለምታስገጥሙ፣ ገጣሚው የሚፈርምበትን አንድ ገጽ ፎርም አዘጋጅቻለሁ፤ ነገ እዚሁ ቻናል ላይ እለቀዋለሁ። አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አልፈርምም ካለ ሽቦውን ሳይነካ ሌላ ገጣሚ ፈልጉ።