ብራዚል ላይ የወረደ ውርጭ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 በደቡባዊ ብራዚል፣ በፓራና ግዛት የወረደ ከባድ ውርጭ የቡናውን ተክል አጠውልጎ አጠቆረው። ብራዚል የዓለም ትልቋ ቡና አምራች ናትና በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የቡና ዋጋ ሰማይ ነካ። ፓራናን በስም እንኳ የማያውቁ የሌላ አገር አምራቾችና ላኪዎች ኑሮ በዚያ ውርጭ ተለወጠ።

እንግሊዛዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር አንቶኒ ጊደንስ ሉላዊነት የሚለው ይኸንኑ ነው፤ የተራራቁ ቦታዎች ከመተሳሰራቸው የተነሣ አንዱ ዘንድ የሆነው ነገር የሌላውን ኑሮ ይቀርጻል። ጊደንስ ለጀማሪ ተማሪዎች በጻፈው የሶሺዮሎጂ መጽሐፍም ትምህርቱን የሚያስረዳው ከአንድ ሲኒ ቡና ተነሥቶ ነው። የቡና አገር ሰዎች ነንና ይህ መንገድ ለእኛ ይበልጥ ይቀለናል።

የዘመናዊ ኑሮ ጥያቄ የተጀመረው ከጊደንስ በፊት ነው። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ቶኒስ እ.ኤ.አ. በ1887 በሥጋ ዝምድናና በጉርብትና የተሳሰረውን ኑሮ በውልና በጥቅም ከተሳሰረው የከተማ ኑሮ ለይቶ ጻፈ። የሶሺዮሎጂ ምሁራኑ ኤሚል ዱርካይምና ማክስ ቬበርም ፋብሪካና ቢሮ አውሮፓን ሲለውጡ ሰው ምን አገኘ፣ ምንስ አጣ ብለው ጠየቁ። ጊደንስ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ዘመናዊነት መዘዝ ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን ወደ ዘመናችን አመጣው። እርሱ እንደሚለው የዘመናዊነት ዋና ጠባይ የሰውን ግንኙነት ከሰፈሩ ነቅሎ ማውጣቱ ነው።

ይህን በቡናችን እንየው። አቦል፣ ቶናና በረካ የሚጠጡት ከሚያውቁት ሰው ጋር ነው፤ ልጅ ይላካል፣ ጎረቤት ይጠራል። ያው ቡና ለውጭ ገበያ ሲወጣ ግን ሌላ ዓለም ይገባል። ገበሬው እሸቱን ለሚያውቀው ሰብሳቢ ይሸጥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደረጃውን የሚያወጣው ላቦራቶሪ ውስጥ የሚቀምስ ባለሙያ ነው፤ ዋጋውን የሚመራው የኒውዮርክ ገበያ፣ ጭነቱን የሚያንቀሳቅሰው የባንክ ሰነድና የመርከብ ውል ነው። ገበሬው ከእነዚህ ሰዎች አንዱንም አያይም፤ ሆኖም ሌላ ምርጫ ስለሌለው ያምናቸዋል። ሲያትል ተቀምጦ ቡናውን የሚጠጣውም በበኩሉ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያምናል። በጊደንስ አባባል ዘመናዊ ኑሮ የቆመው እንዲህ በማናውቃቸው ባለሙያዎችና በገንዘብ ላይ በምንጥለው እምነት ነው።

እምነቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። የቡና አቅርቦትን በኮታ ይወስን የነበረው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 ለንደን ላይ ሲቋረጥ ዋጋው በወራት ውስጥ አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ሲወድቅ ደግሞ በሐረርጌ ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉ ገበሬዎች ነበሩ። ኮታውን ያስቀረው ውሳኔ የተላለፈበት ጠረጴዛ ዙሪያ አንዳቸውም አልተቀመጡም።

ጀርመናዊው ኡልሪክ ቤክ የጻፈው ስለዚህ ዓይነቱ ሥጋት ነው። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986፣ የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ በፈነዳበት ዓመት ነበር። ድሮ ሰው የሚፈራው ድርቅና ወረርሽኝ ከተፈጥሮ ይመጣ ነበር፤ አሁን ግን ትልልቆቹን አደጋዎች የሚያመርተው ራሱ ዕድገቱ ነው ይላል ቤክ። ለዚህም ቡናችን ምሳሌ ነው። አረቢካ ቡና ሙቀት አይወድም፤ ምድር በሞቀች ቁጥር ወደ ደጋው መውጣት ይኖርበታል። የጌዴኦ ገበሬ ለዚያ ሙቀት ያደረገው አስተዋጽኦ ከምንም የሚቆጠር አይደለም፤ ዕዳው ግን ከደጁ ደርሷል። ለእኔ ከሁሉም ንድፈ ሐሳቦች እጅግ እውነት ሆኖ የማገኘው ይህ የቤክ ሐሳብ ነው።

ድኅረ ዘመናዊነት የሚባለውስ? ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሊዮታር እ.ኤ.አ. በ1979 በጻፈው ጽሑፍ ሰው ስለ ዕድገትና ስለ ነጻ መውጣት በሚነገሩ ታላላቅ ትረካዎች ማመን አቁሟል አለ። ሌላው ፈረንሳዊ ዣን ቦድሪያር ደግሞ ዕቃ ስንገዛ የምንገዛው ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን ምልክቱን፣ ስሙንና የሚሰጠንን ክብር ጭምር ነው ብሎ አስተማረ። ቦድሪያርን ለመረዳት ስታርባክስ የተባለውን የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ ጉዳይ ማየት ይጠቅማል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ለአሜሪካ የንግድ ምልክት መዝጋቢ መሥሪያ ቤት አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ሌላ ዓይነት የምስክር ወረቀት ይሻላል አለ። ክርክሩ ስለ ፍሬው አልነበረም። ፍሬው በኪሎ ተሸጧል፤ የቀረው ጥያቄ ሸማቹ ብዙ ገንዘብ የሚከፍልበት ስም የማን ነው የሚል ነበር። ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ጉዳዩን አደባባይ አወጣው፣ ብዙ ሰው ድምፁን አሰማ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ውል ፈረመ። ምልክት ሀብት መሆኑን ከፓሪስ ፈላስፎች ባልተናነሰ የተረዱ የእኛ ባለሙያዎች ነበሩ።

ያም ሆኖ ዘመናዊነት አልቆ ሌላ ዘመን ገብቷል የሚለው አይዋጥልኝም። ገበሬው አሁንም መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይፈልጋል፤ የዕድገት ትረካ ለእርሱ ገና ተስፋ ነው። ጊደንስም ቢሆን የምንኖረው ከዘመናዊነት ማዶ ሳይሆን ዘመናዊነት በበረታበት ጊዜ ነው ባይ ነው። እስራኤላዊው ሽሙኤል አይዘንስታት ደግሞ አንድ ዘመናዊነት ብቻ የለም፣ እያንዳንዱ ኅብረተሰብ በራሱ ባህል ይሠራዋል ሲል ተከራከረ። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሱፐርማርኬት በገዙት ቡና ጀበና ሲጥዱ ይኸንኑ እያደረጉ ነው።

ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው እዚያው አገር ቤት ነው። ወደ ውጭ የሚላከው የቀሪው ግማሽ ዋጋ ግን ዛሬም የሚነሣው ኒውዮርክ ላይ በፓውንድ ስንት የአሜሪካ ሳንቲም ዋለ ከሚለው ነው።