የሚሞቅ ፒክአፕ ዋጋው ስንት ነው?

ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ለሽያጭ ሲቀርብ ከቀለሙ፣ ከጎማውና ከሊብሬው ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «ሞተሩ ይሞቃል ወይ?» የሚለው ነው። ሻጩ «ውሃ ብቻ ነው የሚጨምረው» ይላል። ገዥው ይዞት የመጣው መካኒክ ደግሞ «ቴስታታው አብቅቶለታል» ብሎ ይደመድማል። በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ራዲያተር ክዳን ዋጋ፣ አለዚያም የአንድ ሞተር ማውረጃ ወጪ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ነገሩ ለጋራዥ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የገበያ ጉዳይም ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ከውጭ ሲገቡ የሚጠየቀው ታክስ ከዕድሜያቸው ጋር እንዲጨምር አድርጓል። አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ ሂሉክስ ወይም አይሱዙ ጠግኖ ማሠራት የሚመርጥ ነጋዴ ግን የሚገዛው ሞተር የሚሞቅበትን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ከፍታና ክዳን

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሞተሩን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚለቀው ቴርሞስታት እንደ ሞተሩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ሙቀት መከፈት ይጀምራል። በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት እንግዲህ በጣም ጠባብ ነው ማለት ነው።

ይህን ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ክዳን ግፊቱን በሚገባ ከያዘ ውሃው በአዲስ አበባ ከፍታ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ስለማይዝ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውሃው ገንፍሎ ይወጣል። ምርመራው ከዚህ ርካሽ ዕቃ ቢጀመር ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ ከመውረድ ይድናል።

ሞተሩ ሳይነሳ

ገዥው ሳይደርስ ተነስቶ የሞቀ መኪና ለምርመራ አይመችም። የሞቀ ራዲያተር መክፈትም ፊትና እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ቀጠሮው ጠዋት፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል።

ክዳኑ ሲከፈት ውሃው እስከ አፉ መድረስ አለበት። ቡናማ ዝገት ከታየ መኪናው ለረጅም ጊዜ ያለ ኩላንት በተራ ውሃ መሠራቱን፣ የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችም በከፊል ተደፍነው ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። በውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ዘይትና ውሃ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ መርገብ አለበት። ከውሃ ፓምፑ ሥር የደረቀ የውሃ ጅረት ምልክት ከታየ ፓምፑ ማፍሰስ ጀምሯል።

ሞተሩ ሲነሳ

ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ ይነሳ። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጥቂት አረፋ ቢታይ የታመቀ አየር ሊሆን ይችላል። አረፋው ሳያቋርጥ ከቀጠለና ነዳጅ ሲሰጥ ከባሰ ግን የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ በተነሳ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ድንጋይ ከሆነም ትርጉሙ ተመሳሳይ ነው። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል።

ከዚህ ደረጃ በሰላም ያለፈ መኪና ገና አልተመሰከረለትም። የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ የሚያመነጨው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ፣ ግማሹ የተደፈነ ራዲያተር እንኳ ሊያቀዘቅዘው ይችላል። ጉዱ የሚወጣው በጭነትና በዳገት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ጌጁ ዳገት ላይ ወጥቶ ሜዳ ላይ ከተመለሰ ጥርጣሬው በራዲያተሩ ወይም በቬንትሌተሩ ላይ ይወድቃል። ሞተሩ በሞቀበት ሰዓት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ በእጅ ሲገፋ ያለ አንዳች ተቃውሞ ብዙ ዙር የሚሽከረከር ከሆነ፣ በመካከሉ ያለው ባለዘይት ማያያዣ አልቋል።

በተቃራኒው ጌጁ ዳገት ላይም ከታች የማይነሳ ከሆነ ደስ ሊል አይገባም። ጌጁ ራሱ ካልተበላሸ፣ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሎ ይሆናል። ይህ ልማድ የሙቀቱን ችግር ለጊዜው ሊሸፍን ቢችልም ሞተሩ በትክክለኛ ሙቀቱ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ እንዲዞር መንገድ ስለሚከፍት ሙቀቱን ያብሳል።

ከምርመራ ወደ ዋጋ

ውጤቱ በሦስት መደብ ሊከፈል ይችላል። ክዳን፣ ቺንጋ፣ ቱቦና ቴርሞስታት በአንድ ቀን የሚያልቁ በመሆናቸው ከዋጋው ላይ የሚያስቀንሱት ጥቂት ነው። ራዲያተር፣ ውሃ ፓምፕና የቬንትሌተር ማያያዣ የመለዋወጫው ዋጋ ሶማሌ ተራ ተጠይቆ ከነእጅ ዋጋው ሊቀነስ ይገባል። ሦስተኛው መደብ ቴስታታ ነው። እዚህ ላይ የጓርኒሲዮኑን ዋጋ ብቻ ማስላት ስህተት ነው። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት መመርመር አለበት፤ የተጣመመ ቢስተካከልም የተሰነጠቀ መለወጡ አይቀርም። ለኪራይ የሚገዛ ፒክአፕ ከሆነ ቆሞ የሚውልባቸው ቀናት ገቢም በሒሳቡ ይገባል።

ደላላውም ቢሆን ከዚህ ምርመራ ይጠቀማል። በድብቅ ጉድለት ምክንያት የሚፈርስ ሽያጭ ኮሚሽኑንም ደንበኛውንም ያሳጣዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ሲያስገድድ፣ ገዥውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር ይጠብቅበታል። ውሉ ላይ «አይቼና መርምሬ ገዝቻለሁ» ብሎ ከፈረመ በኋላ በዓይን የሚታይ ጉድለት ይዞ መከራከር ከባድ ነው። ስለዚህ ምርመራው ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ይደረግ፤ የተገኘው ጉድለትና የተቀነሰለት ገንዘብም በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።