ከንቅለ ተከላ በኋላ ያለው ቀጠሮ

ቤተ ክርስቲያን ደጅም ሆነ ሐበሻ ሱቅ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጁ ድኖ የለም እንዴ? እስከ ዛሬ ሆስፒታል የምትመላለሱት ለምንድን ነው?» የሚጠይቁኝ በቅንነት ነው። ብዙዎቹ በጭንቃችን ጊዜ ወጥና እንጀራ በራችን ድረስ ያመጡ፣ በጸሎት ያልተለዩን ሰዎች ናቸው። ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ግን ተቀምጬ ልጻፈው።

ልጄ ሲወለድ የሐሞት ቱቦዎቹ ዝግ ነበሩ። ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት ወደ አንጀት መውረጃ ሲያጣ እዚያው ተጠራቅሞ ጉበቱን ያቆስለዋል። ጃፓናዊው ሐኪም ሞሪዮ ካሳይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጀመሩት ቀዶ ጥገና አለ፤ የተዘጋው ቱቦ ይወጣና የሕፃኑ የራሱ አንጀት ከጉበቱ ጋር ይገናኛል። ለልጄም ተደረገለት፤ ለጊዜው አስታገሰው እንጂ አልዘለቀም። የቀረው ንቅለ ተከላ ነበር፤ ሰጪው እኔ ሆንኩ። ከአዋቂ ሰው ጉበት በግራ በኩል ያለው ትንሽ ክፍል ለሕፃን ይበቃዋል፤ የሰጪውም ጉበት በወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል።

ለክትትል በምንሄድበት ቀን ቤታችን ውስጥ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ደሙ ሳይቀዳ የጠዋቱ መድኃኒት አይሰጥም። መድኃኒቱ ታክሮሊመስ ይባላል። ልጄ በየ12 ሰዓቱ ይወስደዋል። ሐኪሞቹ ማየት የሚፈልጉት ቀጣዩ ከመወሰዱ በፊት ደም ውስጥ የቀረውን ዝቅተኛ መጠን ነው። ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እናቱ መርፌ በሌለው ስሪንጅ የተቀዳውን መድኃኒት በቦርሳዋ ትይዛለች፣ እኔ ክንዱ ላይ የሚያደነዝዘውን ቅባት ቀብቼ በላስቲክ እሸፍናለሁ፣ ከዚያ ከምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ባልቲሞር ወዳለው ሆስፒታል እንነዳለን።

ላቦራቶሪው ውስጥ ላስቲኩን የሚልጠው ልጄ ራሱ ነው፤ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ በአማርኛ ይቆጥራል። ሦስት ሲል መርፌው ይገባል፤ ነርሷም ለምዳዋለች፣ «ሦስት»ን ትጠብቃለች። እኔ «አይዞህ የኔ ጌታ» ስል «አባዬ ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው» ይለኛል። ጠርሙሶቹ ሲሞሉ ዓይኑን አይነቅልም። እንደ ጨረሰ መድኃኒቱን ይጠጣል፣ ቁርሱን ይበላል።

ይህ ሁሉ ለምን? የልጄ ሰውነት የእኔን ጉበት እንደ ባዕድ ነው የሚያየው። ዕድሉን ካገኘ ያጠቃዋል። ታክሮሊመስ ያንን የሰውነቱን የመከላከያ ኃይል ያዳክማል፤ ሲያንስ ጉበቱ ይጠቃል፣ ሲበዛ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፣ ለበሽታም ያጋልጣል። ከባዱ ነገር ጥቃቱ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም አለመኖሩ ነው። ልጁ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ጉበቱ ግን እየተቆጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀድሞ የሚናገረው ደም ነው። በዚያው ናሙና በጤነኛ ልጅ ላይ እምብዛም የማይከፉ ቫይረሶችም ይፈለጋሉ፤ መከላከያው በተዳከመ ልጅ ላይ አንዳንዶቹ ወደ ዕጢ ሊያመሩ ይችላሉና። ቀጥሎ አልትራሳውንድ ይነሣል፤ ወደ ጉበቱ የሚገባው ደም በደንብ መፍሰሱ ይታያል።

ወረፋ ስንጠብቅ ቀድመውን ያለፉትን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ዶክተር ቶማስ ስታርዝል ዴንቨር ውስጥ በዓለም የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ በሰው ላይ ሲሞክሩ ታካሚው የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሕመሙም የልጄ ሕመም። ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ አልተነሣም። ከ1967 ጀምሮ ግን ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ ታካሚዎች ታዩ። ታክሮሊመስ የተገኘው በ1984 ጃፓን ውስጥ ከጹኩባ አካባቢ አፈር ከተወሰደ ባክቴሪያ ነው። ከወላጅ የተቆረጠ የጉበት ክፍል ለልጅ ተሰጥቶ የተሳካውም በ1989 ነው። ልጄ ከዚያ በፊት ቢወለድ ኖሮ ይህ ቀጠሮ ላይኖረን ይችል ነበር። አገራችንም አዲስ አበባ በሚገኘው ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምራለች፤ እዚያም ታካሚው ከቤተሰቡ ኩላሊት ካገኘ በኋላ የሚኖረው እንዲሁ በመድኃኒትና በክትትል ነው።

የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ የእኛን ማዕድ እስክታውቀው ብዙ ጠይቃናለች። ሽሮም ምስርም ይበላል። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ክልክል ነው፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ አይብም እንዲሁ። ግሬፕፍሩት የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያንረው ቤታችን አይገባም። ሐኪም ያላወቀው ባህላዊ መድኃኒትም አይሰጠውም። ስለ ጸበል ንስሓ አባታችንን አማክረን ይጠመቃል እንጂ ያልፈላ ውሃ አይጠጣም። ለአያቶቹ ይህ ከባድ ነበር፤ ዛሬ ግን ከእኛ በላይ የሚጠነቀቁት እነሱ ናቸው።

ባለፈው ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ክትትሉን የምታስተባብረው የሆስፒታሉ ኮርዲኔተር ደወለች። የመድኃኒቱ መጠን ዝቅ ብሏል፤ ከማታው ጀምሮ ጨምሩለት አለች። ባለቤቴ ደነገጠች። ምክንያቱ ግን ልጁ ኪሎ መጨመሩ ነበር፤ ልብሱ እንደሚያጥረው ሁሉ መድኃኒቱም አነሰው። ያን ቀን ቤታችን እንደ በዓል ነበር።

ስለዚህ ልጄን ስታገኙት ደህና ነው፣ ግን ዕድሜ ልኩን ይከታተላል። እሱ ፊት «አሁንማ ድነሃል፣ መድኃኒቱ ምን ያደርግልሃል» አትበሉት። ጉንፋን ከያዛችሁ በስልክ ጠይቁን። ልጆቻችሁን የኩፍኝ ክትባት አስከትቡ፤ እሱ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስላለበት በአብዛኛው መከተብ አይችልም፣ የሚጠበቀው በእናንተ ልጆች ነው።

አራስ ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ሕፃኑ ሁለት ሳምንት አልፎት ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ይልቁንም ሰገራው እንደ ኖራ ከነጣ፣ «ፀሐይ ይሙቅ» ብላችሁ አትቆዩ፤ ፀሐይ የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም። የካሳይ ቀዶ ጥገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሲደረግ ይበልጥ ይሳካል። ሕፃኑን ያንኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ቢሊሩቢኑ በድምር ብቻ ሳይሆን በዓይነት ተለይቶ እንዲመረመርም ጠይቁ።