ከብቱ ሲነዳ ያልተበተነው ጉባኤ

የነጭ ዓባይን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ የሰፈረው የቦር ዲንቃ ከብት የሚያረባው ለወተቱ ብቻ አይደለም። ጥሎሹም፣ የደም ካሣውም፣ ለመንፈሶች የሚታረደው መሥዋዕትም የሚወጣው ከበረቱ ነው። የእንስሳት ባለሙያ ቀንድ ብቻ ቆጥሮ ሲመለስ ይህን ሳያይ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል።

በ1975 ዓ.ም. በተነሣው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ተፈናቅሎ በጋምቤላ ኢታንግ ተጠልሎ የነበረው ስደተኛ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ተመልሶ ወደ ሱዳን ለመሻገር ተገደደ። ጥቂት ወራት ቆይቶም፣ በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. የተገነጠለው የናስር ቡድን ታጣቂዎች ቦርን ወረሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሟቾቹን 2,000 ያህል አድርጎ ገምቷቸዋል፤ ከብቱም ተነድቶ ተወሰደ።

የሚታረደው በሬ ካለቀ መንፈሶቹን በምን መለመን ይቻላል? ይህ ለብዙ ቤተሰብ የወሬ ጉዳይ አልነበረም። የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ናትናኤል ጋራንግ በጫካው ከሕዝቡ ጋር ኖሩ፤ ካህናትንም እዚያው ሾሙ። ሕንፃ ስለሌለ ጉባኤው ከዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች በዲንቃ ቋንቋ የተደረሱትን መዝሙሮች በቃላቸው አጥንተው፣ መስቀላቸውን እንደ ምርኩዝ ጨብጠው ከሰፈር ወደ ሰፈር አደረሷቸው። ከመዝሙር ደራሲዎቹ አንዷ ሜሪ አሉኤል ጋራንግ ይባላሉ። ከመስቀሎቹም አንዳንዱ ከጥይት ቀለሃ የተሠራ ነበር።

በዚያው ዓመት በኬንያ የካኩማ መጠለያ ሲከፈት፣ ዝናብ በማይበረክትበት በዚያ ደረቅ ምድር ስደተኞቹ ጭቃ አቡክተው በጡብ ቤተ ጸሎት ሠሩ።