የቆመ መኪና ባትሪ በስሜን ግርጌ

ደባርቅ ላይ ልምድ ያለው ሾፌር ላንድክሩዘሩን ለአዳር ሲያቆም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት ያዞራታል። ጠዋት ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ፍሬን ለቆ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ አንደርድሮ ያስነሳታል። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ግን ገደብ አለው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ 4.2 ሊትሩ የሃርድቶፕ ናፍጣ ሞተር ነዳጅ የሚያገኘው ፓምፑ ላይ ያለው ቫልቭ በኤሌክትሪክ ሲከፈት ነው። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ የሊማሊሞን ቁልቁለት እስከ ታች ቢወርዱትም ሞተሩ አይነሳም።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የሚለጠፈው ብርዱ ላይ ነው። ብርዱ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያጠፋው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ እስከ ዛሬ በመሠረቱ ያው ነው፤ ሳህኖቹን እየበላ ዕድሜውን የሚያሳጥረው ከብርድ ይልቅ ሙቀት ነው። አንድ ዓይነት ባትሪ መተማና ደባርቅ ላይ ቢቀመጥ የመተማው ቀድሞ ያረጃል፤ ሳይነካም በራሱ የሚፈሰው ኃይል ቆላ ላይ ይበዛል። ብርድ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ዜሮ ዲግሪ ላይ ባትሪው ከአቅሙ አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ይሰጣል፣ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሪኖው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይጠይቃል። ጨነቅ ካምፕ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር የሚጨምቀው አየር ሳስቶ ቶሎ አይግልም፣ ስለዚህ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሞተሩ ሳይዞር ከባትሪው ረጅም ጊዜ ይጠጣሉ። ብርዱ አንድ ጠዋት ላይ ሂሳብ ያወራርዳል እንጂ ዕዳውን ያከማቸው የመቆም ብዛት ነው።

መቆሙም የአካባቢው ልማድ ሆኗል። ጎብኚ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ ክረምቱን የቱሪስት መኪና ግቢ ውስጥ ይከርማል። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ መንገዱ ሲዘጋ መኪናውም አብሮ ይቆማል። የመሥሪያ ቤቱስ ቢሆን ነዳጅና በጀት ሲጠብቅ ስንት ሳምንት ይቆማል? በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰዓቱ፣ የስርቆት ማንቂያው፣ የመገናኛ ሬዲዮውና የጂፒኤስ መከታተያው ጥቂት ጥቂት ይቀልባሉ። በድምሩ 30 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢስቡ በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት ነው፤ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሰባት ሳምንት ግድም ግማሹን ያጣል። ያኔ ቴስተር 12.2 ቮልት ያሳያል፤ ሙሉው 12.6 እና ከዚያ በላይ ነበር። ጎድሎ የቆየ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ሰልፌት ይደርቅበታል፣ ያም እየጠነከረ ሲሄድ በኋላ ቢሞሉትም አይለቅም። የጨረሰ ባትሪ ላይ ሌላም አደጋ አለ፦ የሞላ ባትሪ አሲዱ ወፍራም ስለሆነ ስሜን ላይ በረዶ አይሆንም፣ ባዶ የሆነው ግን ውኃ ስለሚበዛበት ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ገደማ ላይ ወደ በረዶነት ይለወጥና ሳጥኑን ይሰነጥቀዋል።

ሜንቴነር የሚባለው ትንሽ ቻርጀር የተሠራው ለዚህ ነው። ጋራዥ ውስጥ ካለው ትልቅ ቻርጀር የሚለየው በልኩና በትዕግሥቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ አምፔር ግድም ብቻ ይሰጣል፤ ባትሪውን እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ይሞላውና ከዚያ ወደ 13.5 ገደማ ወርዶ እዚያው ይይዘዋል፣ ወጡ ሲበስል እሳቱን ቀንሶ ድስቱን እንደ መተው። ባትሪው ሲበርድ ትንሽ ከፍ ያለ ቮልት ስለሚፈልግ የሙቀት መለኪያ ያለው ሜንቴነር ለደጋ ይመረጣል። ለ24 ቮልት መኪና የ24 ቮልት ሜንቴነር ነው የሚገዛው፤ ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ይዞ በ12 ቮልት የሚሠራው መኪና ግን አንድ ይበቃዋል።

አያያዙ ላይ ሰው የሚያቃልለው ነገር ብዙ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ። በመንከሻ ማያያዝ ለአንድ ሌሊት ይሆናል፤ ለዘለቄታው ግን ቀለበት ጫፍ ያለው ገመድ በባትሪው ራስ መቆለፊያ ቡሎን ሥር ይጠበቃል። ቀዩ ገመድ ላይ ከባትሪው በስንዝር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ይገባል። ፊውዙ ቻርጀሩ ጋ ቢሆን ምን ለውጥ አለው የሚል አይጠፋም፤ ለውጡ ትልቅ ነው። አደገኛው ኃይል ያለው ባትሪው ውስጥ ነው፤ ገመዱ ተፍቆ ቦዲውን ቢነካ ባትሪው ያን ቀጭን ገመድ በቅጽበት አግሎ ያቃጥለዋል። ፊውዙ ምንጩ አጠገብ ካልሆነ በመሃል ያለውን ገመድ የሚያድነው የለም። ጥቁሩ ገመድ በድሮዎቹ መኪኖች በቀጥታ ባትሪው ላይ ይታሰራል፤ አዲሶቹ ግን ኔጋቲቩ ራስ ላይ የባትሪ መቆጣጠሪያ ሴንሰር ካላቸው ገመዱ ከሴንሰሩ ወዲያ ካለው የቦዲ ብረት ጋር ይያያዛል፣ አለዚያ መኪናው ስለ ባትሪው የተሳሳተ ነገር ያነባል።

ከዚያ መንገዱ አለ። ከደባርቅ በሳንቃ በር፣ በጨነቅና በቧሂት አድርጎ የጃን አሞራ ዋና ከተማ መካነ ብርሃን የሚወርደው ጠጠር መንገድ ያላሰሩትን ሁሉ ያራግፋል፣ ያሰሩትንም ይፍቃል። ገመዱ ከጭስ ማውጫውና ከፋን ቺንጋው ርቆ፣ ብረት በሚበሳበት ቦታ ሁሉ ጎማ ለብሶ፣ ሞተሩ ሲነቀነቅ እንዳይወጠር ትንሽ ላላ ብሎ ይታሰር። መሰኪያው ክዳን ኖሮት ከፊት ግሪል በኩል ቢወጣ ይሻላል፤ ሾፌሩ ያየዋል፣ ገመዱን እየጎተተ ከግቢ አይወጣም። ሲሰካ መጀመሪያ መኪናው፣ ቀጥሎ ግድግዳው፤ ሲነቀል በተቃራኒው። ከሚሞላ ባትሪ ሃይድሮጂን ስለሚወጣ ብልጭታው እዚያ አጠገብ ባይሆን ይመረጣል።

መብራቱም ሌላ ጣጣ ነው። አንዳንድ ሜንቴነር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቁልፉ እንደገና ካልተነካ አይቀጥልም፤ ሲገዙ ነቅሎ መልሶ ሰክቶ ማየት ነው። መስመር በማይደርስበት ካምፕ 20 ዋት የፀሐይ ፓነል ከመቆጣጠሪያው ጋር ጠራ ባለ ቀን አንድ አምፔር ገደማ ይሰጣል። የሐምሌ ጭጋግ ግን ይህን እጅግ ያሳንሰዋል፣ ስለዚህ ለክረምት ከፍ ያለውን መግዛት ያዋጣል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ለሁሉም መኪና አይደለም። ማንቂያም ሬዲዮም የሌለው አሮጌ ፒክአፕ ለአሥር ቀን ከቆመ ኔጋቲቩን ፈትቶ መተው ይበቃዋል፤ ዋጋውም አንድ ቁልፍ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን ያለውን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል፣ ለዚያ ደግሞ ትንሿ ቻርጀር ርካሽ ናት።

የሞተውን ግን አታስነሳም። አረንጓዴ መብራቷም ስለ አሮጌ ባትሪ ብዙም አይመሰክርም፤ የተጎዳው ባትሪ ሲሰካ ቶሎ የሞላ ይመስላል። ስለዚህ ቧሂትን ተሻግሮ መካነ ብርሃን ሊያድር የሚያስብ ሾፌር ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድሞ ቻርጀሩን ይንቀል፣ ባትሪው ሳይነካ አንድ ሌሊት ይደር፣ ጠዋት በቴስተር ይለካ። ከ12.4 በታች ከወረደ ባትሪው እዚያው ደባርቅ መለወጥ አለበት።