ስለ ድመት የኋላ እግር ጡንቻዎች
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ድመት የኋላ እግር ነው። ነገሩን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ምነው፤ ሌላ ቁም ነገር ጠፋ?» ሳትሉ አትቀሩም። ነገር ግን በአሜሪካ አገር በብዙ ኮሌጆች ስለ አካል አሠራር የሚማሩ ጀማሪዎች በሰው ሬሳ ፈንታ የሚለማመዱት በመድኃኒት ተጠብቆ በቆየ የድመት ሬሳ ነው። ይኸውም የድመት ጡንቻ በአቀማመጡም ሆነ በስሙ ከሰው ጡንቻ ጋር በአብዛኛው ስለሚመሳሰል ነው።

ሥራው የሚጀመረው ቆዳውን በመግፈፍ ሲሆን፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብም በጥንቃቄ ይጠረጋል። ከዚህ በኋላ ጀማሪ የሚሳሳተው ቢላዋ አንሥቶ በመቁረጥ ነው። ጡንቻን ለይቶ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አይቆርጥም፤ ያላቅቃል እንጂ። እያንዳንዱ ጡንቻ በራሱ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚገኝ፣ የሁለቱ ጡንቻዎች ድንበር እንደ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፤ የሥጋው ክሮች አቅጣጫቸውን የሚለውጡበትም ስፍራ እንደዚሁ ድንበር ነው። በዚያ መስመር ጣትን ወይም ደነዝ መሣሪያን አስገብቶ ቀስ እያሉ መግፋት ነው።

ይህን ብልሃት እኔ መጀመሪያ ያየሁት በትምህርት ቤት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ በልጅነቴ፣ አባቴ ለፋሲካ በግ አርደው ብልት ሲያወጡ ታፋውን ይዤ እቆም ነበር። እኔ ለመቁረጥ ስቸኩል «ቢላዋውን ተወው፤ ሥጋው ራሱ መንገዱን ያሳይሃል» ይሉኝና በአውራ ጣታቸው ሲለያዩት ምንም ሳይቀደድ ይወጣ ነበር።

አሁን ወደ ድመቷ እንመለስ። በጭኗ ውስጠኛ ጎን ሁለት ሰፋፊና ስስ ጡንቻዎች ጎን ለጎን ተነጥፈው ይታያሉ። የፊተኛው ሳርቶሪየስ ይባላል፤ ስሙ በላቲን ከልብስ ሰፊ የመጣ ነው፤ ልብስ ሰፊዎች እግራቸውን አነባብረው ሲቀመጡ የሚሠራ ጡንቻ ስለ ሆነ ነው ይባላል። የኋለኛው ግራሲሊስ ነው፤ ትርጉሙ «ቀጭን» ማለት ሲሆን በድመት ላይ ግን ሰፊ ሆኖ ይገኛል። ስሙ ከሰው ተወስዶ ስለ ተሰጣት ነው። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናትና፣ የዚያ አገር መምህራን ስምና ግብሩ እንዲህ ሲጣሉ ቢያዩ አንድ ነገር ሳይሉ የሚያልፉ አይመስለኝም።

ከጭኑ ፊት ለፊት አራት ጡንቻዎች ተባብረው የጉልበትን ሎሚ ይስባሉ፤ እግር የሚዘረጋውም በእነርሱ ነው። ወደ ኋላ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ደግሞ ከጉልበት በስተኋላ የሚታወቁት እኛ ቋንጃ በምንላቸው ጅማቶች ነው። ከታች ባት አለ፤ ዋናው ጡንቻ ጋስትሮክኔሚየስ ሲባል፣ በግሪክ «የእግር ሆድ» እንደ ማለት ነው፤ በተረከዝ ጅማት አማካይነት ተረከዝን ይስባል። ድመት የምትራመደው በጣቶቿ ስለ ሆነ ተረከዟ ከመሬት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለውም ይኸው ተረከዟ ነው።

የጭኑን ውጫዊ ጎን የሚሸፍነው ትልቁ ጡንቻ ቢሴፕስ ፌሞሪስ ይባላል። እርሱን ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ እንደ ነጭ ገመድ የሆነ ወፍራም ነርቭ ይታያል። ከጭን በስተኋላና ከጉልበት በታች ያሉትን ጡንቻዎች የሚያዘው ይህ ነርቭ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 32 ያዕቆብ ሲታገል የተነካው የጭን ሹልዳ አይበላም ተብሎ የተጻፈውን ብዙ ሊቃውንት ከዚሁ ነርቭ ጋር ያያይዙታል፤ በአገራችንም ሹልዳን ከሥጋ ለይቶ የማውጣት ልማድ አለ።

በሰውም ነርቩ በዚያው ስፍራ፣ በመቀመጫ ሥጋ ሥር ያልፋል። ያልሠለጠነ ሰው መርፌን በመቀመጫው መካከል ወይም ዝቅ አድርጎ ሲወጋ ነርቩን ሊያገኘው ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ እግሩ ወደ ላይ መነሣት አቅቶት ይጎተታል። በመቀመጫ መወጋት ግድ ከሆነ የሚመረጠው ላይኛው ውጫዊ ሩብ ነው። በክትባት ጊዜ ሕፃናት በጭናቸው ፊት ለፊት በውጭ በኩል የሚወጉትም እዚያ ያለው ጡንቻ ትልቅ ነርቭ ወይም ትልቅ የደም ሥር የማይገኝበት ስለ ሆነ ነው።

ከጉልበት በታች ያለው ሽፋን ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው። ጡንቻዎቹን በክፍል በክፍል አጥሮ የያዘው ይህ ሽፋን ጠንካራ ነው፤ አይለጠጥም። አጥንት ሲሰበርና ሥጋው ሲያብጥ ግፊቱ መውጫ ያጣል። በዚህ ላይ ቀርቀሃ ተደርጎ ጠብቆ ከታሰረ ደም መዘዋወሩን ያቆማል። የወጌሻን እጅ የምነቅፍ አይደለሁም፤ ወለምታን አሽተው ያዳኑ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ጠብቆ በመታሰሩ ምክንያት እግሩ በስብሶ በሆስፒታል የተቆረጠ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። ምልክቱ ከታሰረ በኋላ ሥቃዩ በመቀነስ ፈንታ መጨመሩ፣ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅሱለት መጮኹ፣ ከዚያም ጣቶቹ መደንዘዛቸውና መቀዝቀዛቸው ነው። ያን ጊዜ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታል፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ጡንቻ ደም ሳያገኝ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ብዙውን ጊዜ አይመለስምና።